ልጅ ያቦካውን ለእራት መጠበቅ

በጅቡቲ ከተማ የቀኑ ወበቅ በረድ ሲል፣ ከምኒልክ አደባባይ ዙሪያ እስከ ባልባላ ሻይ ቤቶች ድረስ፣ አማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ ከሚከራከርባቸው ጉዳዮች አንዱ እግር ኳስ ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ ክለቦች ይጀምርና ወደ አገር ቤት ይመለሳል፤ ከዋናው ብሔራዊ ቡድን ወርዶም ታዳጊዎቹና ወጣቶቹ ዘንድ ይደርሳል። ድምፅ ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ «አሠልጣኙ ልጆቹን በአጭር ቅብብል እያጫወተ ያስሸንፈናል፤ ጉልበት ያለውን መርጦ ኳሱን ወደ ፊት ያስመታ» ይላል። ሌላው «ልጅ ኳስ መያዝን ዛሬ ካልተማረ መቼ ሊማር ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው የሁለቱንም ክርክር ትቶ የአሠልጣኙን ስንብት ይጠይቃል።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የጨዋታ ስልት ክርክር ነው። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ከሥሩ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። አሥራ ሰባት ወይም ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች የአገር ማልያ ለብሰው ሲሰለፉ ቡድኑ የማን ነው? የሚጫወቱት ለደጋፊው ደስታ ነው ወይስ ለራሳቸው ዕድገት? አሠልጣኙስ በምን ይመዘን፤ ዛሬ ባስቆጠረው ግብ ወይስ ነገ በሚያፈራው ሰው?

ጥያቄው በጅቡቲ ሲነሣ ልዩ ክብደት ይኖረዋል። በዚህ ከተማ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ልቡ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ቡድን የተከፈለ ነው። የሁለቱ አገሮች የኳስ ታሪክም ከመነሻው የተሳሰረ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ የመጀመሪያዋን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ያደረገችው ያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ትባል ከነበረችው ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር ነበር፤ 5 ለ 0 አሸንፋለች። ለ2026 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሁለቱ እንደገና በአንድ ምድብ ተገናኝተው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 1 ለ 1 ተለያዩ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ ኢትዮጵያ 6 ለ 1 አሸነፈች። ሁለቱም ግጥሚያዎች የተካሄዱት ሞሮኮ ውስጥ ነው። በባቡር ሐዲድ የተያያዙ ሁለት ጎረቤቶች፣ መመዘኛውን ያሟላ ሜዳ አጥተው፣ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሌላው የአፍሪካ ዳርቻ ተጫወቱ።

ዋናው ቡድን እንዲህ ሲሆን የሕዝብ ተስፋ ወደ ታናናሾቹ ይወርዳል። አባት ያልሞላውን ልጅ እንዲሞላው ይጠበቃል። የሴካፋ የታዳጊዎች ውድድር በመጣ ቁጥር፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የሚጫነው የዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የዓመታት ቁጭትም አብሮ ይጫነዋል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል የአማርኛ ተረት። ተረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ልጅን ለማሳነስ ነው። ይሁን እንጂ ገልበጥ አድርጎ ላየው ስለ ታላላቆችም ይናገራል። አንድ ቤት ልጁን ሊጥ የሚያስነካው እጁ እንዲለምድ ነው። የዕለቱ እራት በዚያ ሊጥ ላይ ከተንጠለጠለ ሁለት ጉዳት ይደርሳል፤ ቤተ ሰቡ ጦሙን ያድራል፣ ልጁም ለረሃቡ ተጠያቂ ተደርጎ ይቆጡታል። ጥፋቱ ግን ልጅ ያቦካውን ለእራት የጠበቀው ሰው ነው። በታዳጊዎች እግር ኳስ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ለመማሪያ የተዘጋጀው ቡድን የአገር ክብር መመገቢያ ይሆናል፤ ሲጎድልም የሚሰደበው ልጁና አሠልጣኙ ነው።

ይህ ሲባል ውጤት የሚጠይቀው ደጋፊ ሞኝ ነው ማለት አይደለም። መከራከሪያው ጠንካራ ነው። ጨዋታ የሚጫወቱት ለማሸነፍ ነው፤ ማሸነፍን የማይሻ ተጫዋች ተጋጣሚውንም ጨዋታውንም ያልናቀ ሊሆን አይችልም። ትንሽ አገር ስትሆን ደግሞ ድል የክብር ጉዳይ ነው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ሶማሊያን 1 ለ 0 ስታሸንፍ፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያገኘችው የመጀመሪያ ድል ስለ ነበር የከተማው ሰው ደስታ ከአንዲት ግብ የሚበልጥ ትርጉም ነበረው። እንዲህ ያለውን ደስታ የሚናፍቅ ሰው ሊወቀስ አይገባውም።

በሌላው ወገን ያለው የአጨዋወት ተሟጋችም የራሱ እውነት አለው። ይህ ክርክር በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ካሳዬ አራጌ ኢትዮጵያ ቡናን ባሠለጠነባቸው ዓመታት፣ ኳስን ከግብ ጠባቂ ጀምሮ በቅብብል ማውጣት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነገር ደጋፊውን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ውበቱ አባተ ዋልያዎቹን ይዞ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በካሜሩን ወደ ተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ሲሄድም ያው ጥያቄ ተከተለው። ቡድኑ ከምድቡ ሳያልፍ ሲመለስ «ኳስ መያዝ ዋንጫ አያመጣም» ያሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሰኔ ቡድኑ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ደግሞ ትናንት የነቀፉት ዛሬ አጨበጨቡ። ዳኛው ውጤት ብቻ ከሆነ ፍርዱ ከወር ወደ ወር መለዋወጡ አይቀርም፤ እንዲህ የሚለዋወጥ ፍርድም ስለ ቡድኑ ብዙም አያስረዳም።

የአጨዋወት ጉዳይ በአዋቂዎች ዘንድ የምርጫና የጣዕም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በልጆች ዘንድ ግን ከዚያ ያልፋል። አሠልጣኝ ለተከላካዩ «ኳስ ሲደርስህ ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ፊት ምታ» ሲለው፣ ልጁ የሚማረው ከፍርሃት መገላገልን ነው። «ቀና ብለህ እይ፤ ለማን እንደምትሰጥ አንተ ወስን» ሲለው ግን መወሰንን ይማራል፤ የተሳሳተ ቅብብል ግብ ሊያስቆጥር እንደሚችል እያወቀ የመወሰንን ኃላፊነት ይሸከማል። የሁለተኛው ትምህርት ዋጋ ውድ ነው፤ ክፍያውም ወዲያው በሽንፈት ይከፈላል። ስለዚህ አጭር ቅብብል በራሱ ቅዱስ፣ ረጅም ኳስም በራሱ ርኩስ አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ በዚህ አጨዋወት ልጁ የሚያስብ ሰው ሆኗል ወይስ የሌላ ሰው እግር ብቻ የሚለው ነው። ኳስ በመያዝ ስም ልጆችን እንደ ባቡር በተሠመረላቸው መስመር ብቻ የሚነዳ አሠልጣኝ ካለ፣ እሱም ከመጀመሪያው አይሻልም። እዚያ ለውጤት የተሠዋው ልጅ እዚህ ለአሠልጣኙ ዝና ተሠዋ ማለት ነው።

የድል ጥማት የሚያመጣው ትልቁ ጉዳት የሚፈጸመው ግን ሜዳ ላይ አይደለም፤ ቡድኑ በሚመረጥበት ቀን ነው። የካናዳው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በአገራቸው ወጣት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከታላላቆቹ የወጣት ቡድኖች ተጫዋቾች መካከል በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ወራት የተወለዱት ቁጥር በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለዱት እጅግ ይበልጣል። ምክንያቱ ከዋክብት አይደሉም። የዕድሜ መቁጠሪያው ከጥር መጀመሪያ ስለሚነሣ፣ በጥር የተወለደው ልጅ በታኅሣሥ ከተወለደው ጋር በአንድ እርከን ሲሰለፍ የአንድ ዓመት ያህል አጥንትና ጡንቻ ብልጫ ይዞ ነው። መራጩ የወራትን ብልጫ ተሰጥኦ ነው ብሎ ይወስዳል። ከዚያም የተመረጠው የተሻለ ሥልጠና፣ የተሻለ ግጥሚያ ያገኛል፤ የተተወው ይቀራል። በእግር ኳስም ተመሳሳይ ነገር በብዙ አገሮች ታይቷል።

እንግዲህ በወራት ልዩነት ይህን ያህል ከተዛባ፣ የልደት ቀን በቅጡ በማይመዘገብበት አካባቢ ዓመታት ሲጨመሩ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። የዕድሜ ማጭበርበር የአንድ አካባቢ ነውር ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ በ1988 የወጣቶች ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾችን በማሰለፏ ከዚያው ዓመት ኦሊምፒክና ከ1990 የዓለም ዋንጫ ታግዳለች። ናይጄሪያም በ1989 በተጫዋቾቿ የልደት ቀን መዛባት ምክንያት ከፊፋ ውድድሮች ለሁለት ዓመት ታግዳ ነበር። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ባስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤም አር አይ መመርመር ጀመረ፤ ካፍም ይህንኑ ምርመራ ይጠቀማል። ምርመራው የሚያየው በክንድ አጥንት ጫፍ ያለው የዕድገት ክፍል ሙሉ በሙሉ መግጠም አለመግጠሙን ነው።

ማሽኑ አጥንትን ያነባል፤ ውሸቱን ማን እንዳዘዘው ግን አያነብም። ሃያ ዓመት የሞላውን ወጣት አሥራ ስድስት የሚያደርገው ወረቀት በአንድ ቢሮ ይጻፍ እንጂ፣ የሚጻፍበት ቀለም የሚቀዳው ከደጋፊው ጉጉት ነው። «እንዴትም ይሁን አሸንፉ» የሚል ሕዝብ፣ «እንዴትም» በሚለው ቃል ውስጥ ይህም እንደሚካተት ልብ አይለውም። የውሸቱ ተጎጂም ሁለት ነው። አንደኛው በቦታው ሌላ የገባበት እውነተኛው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ሁለተኛው ራሱ የተሰለፈው ወጣት ነው፤ የተወለደበትን ቀን ደብቆ መኖርን፣ ታላላቆቹ ውሸትን የአገር ፍቅር ብለው ሲጠሩት መስማትን ይማራል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት የሥነ ምግባርን ሕግ ሲያስረዳ፣ ሰውን ምንጊዜም እንደ ዓላማ እንጂ እንደ መሣሪያ ብቻ አትመልከት የሚል መርሕ አስቀምጧል። «ብቻ» የምትለው ቃል ቁልፍ ናት። ደጋፊ በተጫዋቹ ብቃት መደሰቱ፣ አገርም በልጇ መኩራቷ ክፋት የለበትም፤ ሐኪሙም፣ ሾፌሩም፣ ወደብ ሠራተኛውም ለሌላው ይጠቅማል። ክፋቱ የሚመጣው ልጁ ከጥቅሙ በቀር ሌላ ሳይታይለት ሲቀር ነው። አዋቂው ተጫዋች ደመወዙን ተደራድሮ፣ ውሉን ፈርሞ፣ ጉዳቱንም ትርፉንም አመዛዝኖ ይገባል። ልጁ ግን እምቢ ለማለት አቅም የለውም። እምቢ ማለት የማይችልን ሰው የሚጠቀም ሁሉ ጥቅሙ ለልጁም መድረሱን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት።

ይህ ግዴታ ሲዘነጋ የሚደርሰውን ከእዚህ በእጅጉ በራቀ የበረዶ አገር የተፈጸመ አንድ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥር 4 ቀን 1987 ያን ጊዜ ቼኮዝሎቫኪያ በነበረችው አገር፣ በፒየሽታኒ ከተማ፣ የካናዳና የሶቪየት ኅብረት ከሃያ ዓመት በታች የበረዶ ሆኪ ቡድኖች ተጋጠሙ። ካናዳ 4 ለ 2 ስትመራ ጠብ ተነሣ፤ ከተጠባባቂ ወንበር ሳይቀር ተነሥተው ሁለቱ ቡድኖች በጅምላ ተደባደቡ። ዳኞቹ መገላገል አቅቷቸው የአዳራሹ መብራት ሁሉ ጠፋ፤ ልጆቹ በጨለማም ድብድቡን ቀጠሉ። ሁለቱም ቡድኖች ከውድድሩ ተባረሩ። በካናዳ ብዙዎች «አገራቸውን አላስደፈሩም» ብለው ልጆቹን አወደሱ፤ ሌሎች አፈሩ። በዚያ ሜዳ የተደባደቡት ልጆች የሁለቱን ኃያላን ጎራዎች ጠብ አልጀመሩትም፤ ከታላላቆቻቸው ተረከቡት እንጂ። መብራቱን ያጠፋው ሰው የሠራው ሥራ ምሳሌ ሊባል ይችላል፤ ታላላቆች ልጆቻቸውን የት እንዳደረሷቸው ማየት አሳፍሯቸው መብራት ያጠፉ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ለልጅ ውጤት አይጠየቅም» የሚለው አነጋገር ለሰነፍ አሠልጣኝና ለግድ የለሽ ፌዴሬሽን መደበቂያ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ሆኖም ያውቃል። ልጆች ያለ በቂ ልምምድ ተሰብስበው፣ በሳምንት ዝግጅት ተልከው፣ ስድስትና ሰባት ግብ ተቆጥሮባቸው ሲመለሱ «ልምድ አገኙ» ይባላል። እንዲህ ያለው ሽንፈት አያስተምርም፤ ልጁን አንገት ያስደፋል እንጂ። ሽንፈት አስተማሪ የሚሆነው ልጁ ለመከላከል መሣሪያ ተሰጥቶት፣ ከዚያም የት እንደጎደለ ተለይቶ ሲነገረው ነው። ስለዚህ ከውጤት ይልቅ ዕድገት ይመዘን ማለት አሠልጣኙን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣት አይደለም። እንዲያውም ጥያቄውን ያከብድበታል። ውጤት በአንድ ቀን ዕድል ሊገኝ ይችላል፤ ዕድገት ግን በዕድል አይገኝም።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻል እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ ኢትዮጵያ ራሷ በተሳተፈችበት ውድድር መልሱ ታይቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮናን አዲስ አበባ ላይ አስተናግዳ አራተኛ በመውጣት አርጀንቲና ውስጥ ለተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አለፈች። ከኔዘርላንድስ፣ ከኢኳዶርና ከኮስታሪካ ጋር ተመድባ ሦስቱንም ግጥሚያ ተሸንፋ ተመለሰች። የዚያን ዓመት ዋንጫ ያነሣችው አስተናጋጇ አርጀንቲና ነበረች፤ አሠልጣኟም ሆሴ ፔከርማን። የአርጀንቲና ወጣቶች ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1991፣ ፖርቱጋል ላይ ባሳዩት ጸያፍ ጠባይ አገራቸው ከቀጣዩ ውድድር ታግዳ ነበር። ፔከርማን በ1994 ሲሾም ዝነኛ ሰው አልነበረም፤ በአንድ ወቅት ታክሲ እየነዳ ይተዳደር የነበረ፣ ሥራውም ታዳጊዎችን ማሠልጠን የሆነ ሰው ነበር። እሱ ግን ከልጆቹ ጨዋነትን ከጥሩ አጨዋወት ጋር ጠየቀ። በ1995፣ በ1997 እና በ2001 ዋንጫውን ወሰደ፤ ሪኬልሜና አይማር፣ ካምቢያሶና ሳቪዮላ በእጁ አለፉ። ይህ ታሪክ ጨዋነት ዋንጫ ያስገኛል ብሎ ለመማል አይበቃም። ልጅን በአግባቡ ማሳደግና ማሸነፍ የግድ ጠላት አለመሆናቸውን ለማስረዳት ግን ይበቃል።

ከ2001 የኢትዮጵያ ቡድን ጋር ሊነሣ የሚገባውም ጥያቄ «ስንት ለስንት ተሸነፉ?» የሚለው አይደለም፤ «ከዚያ በኋላ ለእነዚያ ልጆች ምን ተደረገላቸው? ከነሱ ቀጥለው ለሚመጡትስ ምን ተዘረጋ?» የሚለው ነው። አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ መድረክ አለመመለሷ መልሱን በከፊል ይናገራል። ሊጡ አንድ ጊዜ ታየ፤ ምጣዱ ግን አልተጣደም።

በጅቡቲም ተመሳሳይ ፈተና አለ። አርታ ሶላር 7 የተባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ2020 የቀድሞውን የአርሰናል ተጫዋች አሌክስ ሶንግን፣ ቆይቶም ዲያፍራ ሳኮንና ሰሎሞን ካሉን ሲያስፈርም የአገሪቱ ስም በዓለም የስፖርት ገጾች ተነሣ። እንግዳን ማስተናገድ መልካም ነው፤ የአገሬው ወጣትም ከእነሱ አጠገብ ተሰልፎ የሚማረው ይኖራል። ሆኖም የተጋገረ እንጀራ ገዝቶ መብላትና ቤት ውስጥ መጋገርን ማስለመድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለአንድ እራት ይሆናል፤ ሁለተኛው ለትውልድ።

ደጋፊውስ ምን ይጠበቅበታል? ዝም እንዲል ማንም ሊጠይቀው አይገባም። ክርክር የፍቅር ምልክት ነው፤ ስለማይወዱት ቡድን ማንም ጉሮሮውን አያደርቅም። የሚጠበቅበት ጥያቄውን እንዲያስተካክል ነው። ስለ ታዳጊዎች አሠልጣኝ ሲከራከር «ስንት አሸነፈ?» ከማለቱ በፊት ይጠይቅ፤ አምና በቀኝ እግሩ ብቻ ይጫወት የነበረው ልጅ ዘንድሮ ግራውን ይጠቀማል? ከስሕተት በኋላ ኳስ ይሸሻል ወይስ ይቀበላል? ትንሽዬው ልጅ የመሰለፍ ዕድል አግኝቷል? ልጆቹ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል? የልደት ወረቀታቸው እውነት ነው? አሠልጣኙ እነዚህን መመለስ ካልቻለ ዋንጫ ይዞ ቢመጣም ይወቀስ፤ ከመለሰ ግን ተሸንፎም ቢሆን ጊዜ ይሰጠው።

ከዚህም ጋር ትችትና ስድብ ይለያዩ። አሠልጣኙ አዋቂ ነው፤ ሹመቱን ወዶ የተቀበለ፣ ሥራውን ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ስለሆነ ጠንካራ ትችት ይችላል። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ስሙ እየተጠራ በየሻይ ቤቱ ሊሰደብ አይገባውም። ማወደሱም ልክ ይኑረው። ጋናዊው ኒ ላምፕቴይ እ.ኤ.አ. በ1991 ጣሊያን ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ ታላቁ ፔሌ ሳይቀር ተተኪዬ ብሎ እንደ ጠራው ይነገርለታል። ከዚያ በኋላ ከአገር አገር፣ ከክለብ ክለብ ሲዘዋወር የተነገረለትን ያህል ሳይሆን ቀረ። ኋላ በአክራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጆችን ማስተማሩ ብዙ ይናገራል። አሥራ ስድስት ዓመት ባልጠነከረ ትከሻ ላይ የዓለምን አክሊል መጫንም የጭነት ዓይነት ነው።

ደራሲው አልበርት ካሙ በልጅነቱ በአልጀርስ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ክለብ የወጣቶች ቡድን ግብ ጠባቂ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ከሜዳ ወጣ። በ1957 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ይህ ሰው፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሰው ልጅ ግዴታ በእርግጠኝነት ከሚያውቀው የሚበዛውን የተማረው ከእግር ኳስ እንደሆነ ጽፏል። ያ የወጣቶች ቡድን ስንት ጊዜ አሸነፈ፣ ስንት ጊዜ ተሸነፈ ብሎ ዛሬ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ግብ መካከል ቆሞ የወጣው ሰው ግን ዛሬም ይነበባል።

አሠልጣኝ ይሾማል፣ ይሻራል፤ የዘንድሮ ዋንጫ ቢያመልጥ የከርሞ ይኖራል። የአንድ ልጅ አሥራ ሰባተኛ ዓመት ግን ተመልሶ አይመጣም። ስለ ታዳጊዎች ቡድን የሚከራከር ሁሉ፣ ከየትኛውም የስልት ወገን ቢሆን፣ የሚከራከረው በሰው ዕድሜ ላይ መሆኑን ቢያስብ ክርክሩ ሳይሞቅ አይቀርም፤ ይበልጥ እውነተኛ ይሆናል እንጂ።